በእርጥብ ጠፍር ያሰርኋት ቁጥር ሰባት ብስክሌት

ቀን፦ ዓርብ ግንቦት 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለዳሞት ጮራ የብስክሌት ስፖርት ክለብ
የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤት
ፍኖተ ሰላም

አመልካች፦ አቶ ወንዳወቅ ገብረሰንበት
አድራሻ፦ ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ ብስክሌት ጥገና

ጉዳዩ፦ የክለቡ ቁጥር 7 የካርቦን ብስክሌት በግንቦት 20 ውድድር ላይ እንዳትነዳ ስለመለመን፤ እንዲሁም የራሴን ጥፋት በራሴ ስም ስለማስመዝገብ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካች የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ስሆን ላለፉት ሃያ ዘጠኝ ዓመታት በዚህች ከተማ ብስክሌት ስጠግን ኖሬአለሁ። የፖስታ ቤቱንም፣ የመምህራኑንም፣ የክቡርነትዎን ልጅ ብስክሌትም ጠግኛለሁ። «ወንዳወቅ ካየው አበቃ» የሚባል ስም አለኝ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ይህ ስም አንዲት ልጅ ሊገድልብኝ አምስት ቀን ስለቀረው ነው። ነገሩን ከመነሻው ለማስረዳት በትሕትና ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ቢረዝም ይታገሡኝ።

1. ክለባችን በ2005 ዓ.ም. ክረምት ስምንት ያገለገሉ የውድድር ብስክሌቶች ከውጭ አገር በስጦታ መረከቡ ይታወሳል። አካላቸውና የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ሹካቸው ካርቦን ፋይበር ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። በጥቁር ክር ተሸምኖ በሙጫ የደረቀ መሆኑን ኋላ ነው የተረዳሁት። ያኔ ሁላችንም ያወቅነው ቅለቱን ብቻ ነበር። ከተማው እየመጣ በአንድ ጣቱ ሲያነሳቸው ዋለ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሳይቀሩ በመስቀል እጃቸው አንዷን ብድግ አድርገው «ይችስ ለመላእክት የተሠራች ናት፤ ለሰው ሥጋ አይደለችም» ብለው አሳቁን። እኔም ስቄአለሁ። ከብስክሌቶቹ ጋር በላስቲክ የታሸገ የፈረንጅ ቋንቋ ጽሑፍ መጥቶ ነበር፤ ከፋይል ጋር ታስሮ ተቀመጠ። በንብረት መረከቢያው በሞዴል 19 ላይም «ብዛት ስምንት፣ ሁኔታ ደህና» ተብሎ ገቢ ሆኑ።

2. ጥር 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ቡድኑ ከባሕር ዳር ውድድር ሲመለስ፣ በዱርቤቴ የገበያ ቀን ነበርና ሚኒባሱ ከከብት ጋር ሲጋፋ ከጣሪያው ላይ ገመድ ላልቶ ሁለት ብስክሌቶች ወደቁ። ቁጥር 4 እና ቁጥር 7 ናቸው። ሁለቱም በፊት ሹካቸው አስፋልት መቱ። ቁጥር 4ን ይዛ የምትወዳደረው ልጄ እንቁ ወንዳወቅ ነበረች፤ ቁጥር 7ን ደግሞ የቡሬዋ ልጅ ሰብሊ አዛናው ናት።

3. አሠልጣኝ ምናለ ጥር 18 ቀን ሁለቱን ወደ እኔ አመጣቸው። በቁጥር 4 ሹካ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። በቁጥር 7 ላይ ከጭረት በቀር ምንም አላየሁም። ማግኔት አስጠጋሁ፤ አይዝም። ክብሪት ለኮስሁ፤ የሸተተኝ ሽታ ለብየዳ እንደማይሆን ነገረኝ። እዚህ ላይ እጄን ባነሣ ኖሮ ይህ ማመልከቻ ባልተጻፈ። ነገር ግን አሠልጣኙ ቆሞ ያየኛል፣ ልጄም ቆማ ታየኛለች። «አላውቀውም» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ብያት የማላውቅ ቃል ናት።

እኔ ፈረስ ቤት በምትባል አገር የተወለድሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ሞፈር ሲሰነጠቅበት ጥሎ አያውቅም። ከበሬ ቆዳ ጠፍር ይቀድና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ እርጥቡን ስንጥቁ ላይ እየሳበ ይጠቀልለዋል። ፀሐይ ሲያገኘው ጠፍሩ ይኮማተርና እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። በዚያ ሞፈር አሥራ አንድ ክረምት ታርሶበታል፤ ምስክር አለኝ። እኔም ከሥጋ ቤት እርጥብ ቆዳ ለምኜ እንደ አባቴ አደረግሁ፤ እግሬን ግድግዳ ላይ ተክዬ ሳብሁት። ቁጥር 4ን አሰርሁ። ቁጥር 7ን ደግሞ ሕመም አይቼባት ሳይሆን ለጥንቃቄ ብየ አሰርኋት። አራት ቀን ፀሐይ ላይ ዋሉ። ለዓይን እንዳያስጠሉ ጥቁር ፕላስተር ደረብሁባቸውና ጥር 22 ቀን አስረከብሁ። አሠልጣኙ በሁለት እጁ ወዝውዞ ሞከረና «አይ ጋሸ፣ ባለጅ!» ብሎ ሙያየን አደነቀ። ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

4. ልጄ በዚያች ብስክሌት ሃያ ሦስት ቀን ነዳች። ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ ዋዜማ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ልምምድ ሲወርዱ ከማንኩሳ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ሹካው ተሰበረ። እኔ የማውቀው ብረት ከመሰበሩ በፊት ይለምናል፤ ይጎብጣል፣ ይንቋቋል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ ባለቤቱም «ጋሸ፣ ምን ሆነብኝ?» እያለ ይመጣል። ይኸኛው አልለመነም። ልጄ ከመንጋጋዋ ሁለት ቦታ፣ ከቀኝ እጇ አንጓ አንድ ቦታ ተሰበረች። የፊት ጥርሶቿን መንገድ የሚጠርጉ ሰዎች ለቅመው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ምን እንዳደርጋቸው ሰጡኝ? እስከ ዛሬ ከኪሴ አሉ።

እንቁ ቤታችንን በወሬ የምትሞላ ልጅ ነበረች። አሁን ስትናገር እናቷ ብቻ ናት የምትሰማት፤ ስለዚህ ደብተር ላይ ትጽፍልኛለች። በመጀመሪያ የጻፈችልኝ ይህ ነው፦ «አባየ፣ ፍሬን አልያዝሁም። ቀጥ ብየ እየሄድሁ ድንገት መሬት መጣ።»

5. ክለቡ መጋቢት 2 ቀን ባወጣው ሪፖርት «አደጋው ስፖርተኛዋ በግድየለሽነት ፍሬን በመያዟ የደረሰ ሲሆን የክለቡ ንብረት ጉድለት ያልነበረበት መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። ማን እንዳረጋገጠው አይልም። የተሰበረውን ሹካ ላየው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ እኔ ቤት ነው ያለው። ስለ ጠፍሩም አንድ ቃል የለም። ክቡር ሰብሳቢ፣ በዚህ ሪፖርት ላይ የተበደልሁት የልጄ ስም ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ የእንቁ ከሆነ ብስክሌቶቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። ብስክሌቶቹ ደህና ከሆኑ ደግሞ ቁጥር 7 ትነዳለች።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር መስጠቱን ትቻለሁ፤ በተራ የሆነ ነገር ስለሌለው ነው።

በመጋቢት ወር መምህር ክንፈሚካኤልን፣ የመሰናዶ የፊዚክስ መምህሩን፣ ያ የፈረንጅ ጽሑፍ ይነበብልኝ ብየ ለመንሁት። ከክለቡ ፋይል ኮፒ አስወጥቶ ከጥገና ሱቄ በር ላይ ተቀምጠን አነበበልኝ። ጽሑፉ የሚለው፦ ይህ ነገር ከወደቀ ወይም ከተመታ በኋላ ባለሙያ ሳያየው አይነዳ። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በዓይን አይታይም። በአግባቡ ከተያዘ ዘመን ይሻገራል፤ በማይገባው አቅጣጫ ከተመታ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ብሎኑ እንኳ በተጻፈለት ልክ እንጂ በጉልበት አይጥበቅ፤ ምንም ነገር አጥብቆ አይጨምቀው። እዚህች ላይ ሲደርስ መምህሩ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ድገምልኝ አልሁት፤ ደገመልኝ። ጠፍሩ ነው ወይ ልጄን የሰበራት ብየ ጠየቅሁት። ሹካው ከዱርቤቴም ጀምሮ ታሞ እንደነበር፣ ጠፍሩ ግን ሲኮማተር ምናልባት የቀረውን ሳያደቀው እንዳልቀረ ነገረኝ። ደግ ሰው ስለሆነ «ምናልባት» አለኝ።

እንዲህም አሳየኝ፦ በሳንቲም ጫፍ ስትመታው ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል። መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ ማረጋገጫው መሣሪያ በእኛ አገር እንደሌለ ጨምሮ ነገረኝ።

ሚያዝያ 21 ቀን ሰብሊ ጎማ ልታስነፋ ቁጥር 7ን ይዛ መጣች። ለምኜ ጠፍሩን በቢላ ፈታሁት። ሥሩ ያማረ ነው፤ አንዲት መስመር የለበትም። በሳንቲም መታሁት። የሹካው ግራ እግር ጠራ፤ ቀኙ ተደፈነ። የጆሮየ ነገር አላስተማመነኝምና ባለቤቴን ወይዘሮ ባንቺአየሁን ጠራኋት። እሷ በገበያ ቀን እንስራ ሳታንኳኳ ገዝታ አታውቅም፤ ሸክላ ሠሪዎቹም ስትመጣ ያዩአትና የተሰነጠቀውን ከኋላ ይደብቁባታል። ምን እንደሆነ ሳልነግራት ሁለቱንም አንኳኳሁላት። ቀኙ ላይ ስደርስ «ይኸኛውን በነጻ ብትሰጠኝም አልወስድ፤ ውሃ አይቋጥር» አለችኝና የልጇን አጥሚት ልታማስል ተመለሰች።

ብስክሌቷን ያዝሁ፤ አልሰጥም አልሁ። ሰብሊ እያለቀሰች ሄደች። በማግስቱ የክለቡ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ከጥበቃ ጋር መጥቶ የክለብ ንብረት ያለ አግባብ በመያዝ ልትከሰስ ነው አለኝ። ሰጠሁ። መስጠት አልነበረብኝም፤ መታሰር ነበረብኝ። ዕለቱን ቁጥር 7 አደገኛ መሆኗን የሚገልጽ ማመልከቻ ለክለቡ አስገባሁ። የተሰጠኝ መልስ በቃል ሳይሆን በሥራ ነው፦ ጠፍሩ የነበረበት ቦታ ስላስጠላ ብስክሌቷ ጥቁር ቀለም ተቀባች። ቀለሙ ግሩም ነው፤ እኔም አሁን የቱ ጋ እንዳሰርኋት አይቼ አልለይም።

ከዚያ ወዲህ ያልረገጥሁት ደጃፍ የለም። የክለቡ ጸሐፊ ከባለሙያ ማረጋገጫ አምጣ አሉኝ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሄድሁ፤ የእንጨትና የብረት መሣሪያ እንጂ የዚህ መመርመሪያ ስለሌለን ማኅተም አንመታም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወደ ትራፊክ ሄድሁ፤ ሞተር የለውምና አይመለከተንም አሉ፤ ይኸም እውነት ነው። ሌላ ቢሮ ደግሞ የመልካም አስተዳደር ጥያቄ ስለሆነ በአንድ ለአምስት አደረጃጀታችሁ ተወያዩበትና በቃለ ጉባኤ አምጣው ተባልሁ። እኔም አደረግሁት፤ ሁለት ጫማ ሠሪ፣ አንድ ሰዓት ሠሪ፣ አንድ ልብስ ሰፊና እኔ ተሰብስበን ካርቦን አደገኛ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ቃለ ጉባኤውን ስወስድ የሚመለከተው ሰው ስልጠና ሄዷል። የሚዋሸኝ አንድም ሰው አላገኘሁም። ሁሉም በትሕትና ወንበር ይሰጡኛል፤ አንዳቸውም ግን ያችን ብስክሌት አያስቆሙልኝም።

አሠልጣኝ ምናለን አልወቅሰውም። በልኳ የምትሆናት ሌላ ብስክሌት የለም። «እኔማ አምንዎታለሁ ጋሸ፤ ግን በሞዴል ‹ደህና› የተባለን ነገር በምን ወረቀት አቁሜ ልጂቷን ከውድድር ላስወጣት? አንዲት ወረቀት ያምጡልኝ» ይለኛል። አንዲቷ ወረቀት ጠፋች።

በመጨረሻ ባለፈው ማክሰኞ ወደ ቡሬ ሄጄ ሰብሊን ራሷን ለመንኋት። ልጂቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ በግንቦት 20ው ውድድር ካልተመረጠች ለወጣቶች ቡድን ዕድሜዋ ያልፋል። ሁሉን ነገርኋት፤ የዱርቤቴውን፣ የጽሑፉን፣ የሳንቲሙን። ጎንበስ ብላ አዳመጠችኝ። ሲያበቃ ምን እንዳለችኝ ቃል በቃል እጽፋለሁ፦ «ጋሸ ወንዳወቅ፣ እርስዎ ስለ እንቁ አዝነው ነው እንዲህ የሚሆኑ። እንቁስ ፍሬን ይዛ ነው፤ ማኅተም ያለው ወረቀት ላይ አንብቤአለሁ። የኔዋን የጠገኗት እርስዎ ነዎት። እርስዎ የነኩትን ካልተማመንሁ ማንን ልተማመን?»

ከእሷ ተነሥቼ ወደ አባቷ ወደ አቶ አዛናው ማሳ ወረድሁ። ሽማግሌው በሬዎቻቸውን አቁመው በሙሉ ልብ ሰሙኝ። ከዚያ ሞፈራቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። መሐሉ ላይ በጠፍር ታስሯል፤ ጠፍሩ ከእርጅና ብዛት እንደ ቀንድ ጠቁሯል። «ይኸው አሥር ዓመት አረሰ» አሉኝ። «እንዲህ አርጎ ያሰረ ሰው ‹አትመኑኝ› ሲል ኀዘን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እግዜር ያጽናዎ።» እጄን ይዘው እስከ መንገድ ሸኙኝ። ክቡር ሰብሳቢ፣ የገዛ አባቴን ሞፈር እንዴት ብየ ልከራከረው?

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ/ ረቡዕ ግንቦት 20 ቀን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚደረገው ውድድር ቁጥር 7 ብስክሌት እንዳትነዳ እንዲታዘዝልኝ። ሰብሊ የምትወዳደርበት ሌላ ብስክሌት እንዲፈለግላት፤ የብረት ቢሆን፣ ቢከብድም፣ ወደ ኋላ ቢያስቀራትም።

ለ/ በመጋቢት 2ቱ ሪፖርት ላይ «በግድየለሽነት» የሚለው ቃል ከልጄ ስም ላይ ተነሥቶ ከእኔ ስም ላይ እንዲጻፍ። አልከራከርም፤ የትም ቀርቤ እፈርማለሁ።

ሐ/ ሁለቱም ከክለቡ አቅም በላይ ከሆኑ፣ ሦስተኛው ወጪም መሣሪያም የማይጠይቅ ነው። በክለቡ ማኅተም «ወንዳወቅ ገብረሰንበት የጠገነው አይታመንም» የምትል አንዲት መስመር ወረቀት ተጽፋ፣ ረቡዕ ጠዋት ቡሬ ላይ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ማጉያ እንድትነበብልኝ። ሕዝቡ ይስማ፤ አቶ አዛናውም ይስሙ። ልጂቷ ማኅተም ያለበትን ታምናለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምሁትን ስም እኔ ራሴ ላፈርሰው ብታገል አልፈርስ ብሎኛልና፣ ክቡርነትዎ እንዲያፈርሱልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ።

ይህ ማመልከቻ እስከ ማክሰኞ ካልታየ፣ ረቡዕ ከማንኩሳ በታች ቁልቁለቱ ላይ ቆሜ እገኛለሁ። እዚያ ቆሜ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። በዚያ ፍጥነት የሚወርድን ሰው አንድ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ አያቆመውም።

ክቡርነትዎን በማድከሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በአክብሮትና በጭንቅ ሰላምታየን አቀርባለሁ።

(ፊርማ)
ወንዳወቅ ገብረሰንበት

ከዚህ ጋር የተያያዙ፦
– ከብስክሌቶቹ ጋር የመጣው ጽሑፍ ኮፒ፣ በመምህር ክንፈሚካኤል እጅ ከተጻፈ ትርጉም ጋር፤ 2 ገጽ
– ከልጄ ከእንቁ ደብተር የተቀደደ 1 ገጽ
– የቁጥር 4 ብስክሌት የፊት ሹካ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ። ሹካው ሁለት ቦታ ሆኗል። ጠፍሩ ግን እንዳሰርሁት ነው፤ አንዲት ዙር እንኳ አልላላም።